ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ግቡ፦ ስለ አየር ጉዞና ስለ መጠጥ ውሃ ከጎጃም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአውሮፕላን ማረፊያ አስተዳደሮች
ለጉዞ ወኪሎችና ለውጭ አገር ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች
ከጎጃም ተነስቶ ለሚበር መንገደኛና ለሸኚ ቤተሰቡ

ጉዳዩ፦ በአየር ጉዞ ላይ ውሃ ሳይጠሙ፣ ለውሃም ብዙ ሳያወጡ ስለመድረስ

ይህን የምንጽፍላችሁ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በጤና ሙያና በጉዞ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ነን። ጉዳያችን ሲያዩት ተራ ነው፤ ግማሽ ሊትር ውሃ። መንገደኛው ከቤቱ ይዞት የመጣው ውሃ ፍተሻ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ከበሩ ወዲያ የሚሸጠው ደግሞ ከተማ ውስጥ ከሚገዛበት ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆንበታል። ገና ደመወዝ ያላየች፣ ትኬቷ በብድር የተቆረጠ ልጅ "ግድ የለም፣ እችለዋለሁ" ብላ ሳትጠጣ ትሳፈራለች። ይህ ነገር ከሞላ ጎደል በአንድ ባዶ ፕላስቲክና በአንድ ቧንቧ ይፈታል። ፕላስቲኩ ከመንገደኛው፣ ቧንቧው ከእናንተ ይሁን ነው የምንለው። ዝርዝሩ ግን ረዘም ይላልና ታገሡን።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ አባባል እናስተካክል። "አውሮፕላን ሰው ያደርቃል" ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። አውሮፕላኑ ከ10,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ከውጭ የሚስበው አየር እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ እርጥበት የለውም ማለት ይቻላል። ያ አየር ሞቆ መንገደኛው ያለበት ክፍል ሲገባ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው። ዓይን የሚቆረቁረው፣ ከንፈር የሚሰነጠቀው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው ለዚህ ነው። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት ለመንገደኞች ባወጣው ምክር ላይ እንደተጻፈው፣ ይህ ደረቅ አየር የሰውነትን የውስጥ ውሃ እንደሚያሟጥጥ አልተረጋገጠም። ከፍታውም ቢሆን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የክፍሉ የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲቀራረብ ይደረጋል፤ ዝቅ ሲል ባሕር ዳር፣ ከፍ ሲል ደብረ ማርቆስ ማለት ነው። የባሕር ጠረፍ ሰው ይከብደው ይሆናል፤ የጎጃም ሰው ግን አገሩ ነው።

ታዲያ ሰው ጅዳ ወይም ቤይሩት ሲወርድ ራሱን የሚፈልጠው፣ ሲነሳ የሚያዞረው፣ ሽንቱ እንደ ሻይ የሚጠቁረው ከምን የተነሳ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ውሎ ነው። ከሽኝቱ እንጀምር። ዋዜማውን ጠላው፣ አረቄው፣ ጨው የበዛበት ጥብሱ ይቀርባል። አልኮል ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያፍነው ከጠጡት በላይ ያስሸናል። ቡና በዚህ ይታማል እንጂ ያን ያህል አያደርስም፤ ቡና ለለመደ ሰው ሦስቱም ሲኒ ቢጠጣ የሚያስወጣው ውሃ ከሚያስገባው አይበልጥም። ስለዚህ የመሸኛውን ቡና ማንም አይከልክላችሁ። አረቄው ነው ለመመለሻ ቢቆይ የሚሻለው።

ቀጥሎ መንገዱ አለ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚነሳው አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቦሌ ይደርሳል፤ ለዚያ በረራ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም በመኪና የሚመጣው ግን ዓባይ በረሃን አቋርጦ ነው የሚደርሰው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጀን ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ላብ ሳይታወቅ ይደርቃል። መንገደኛው ግን "ሾፌሩ ለሽንት አይቆምልኝም" ብሎ አይጠጣም። ቦሌ ደርሶ ደግሞ ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይገኛል፤ ሰልፍ፣ ሚዛን፣ ኢሚግሬሽን፣ ፍተሻ። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ሰውየው ውሃ ከቀመሰ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት አልፎታል። ጥፋቱ ግን በኋላ የሚቆጠረው በአውሮፕላኑ ላይ ነው።

የመኪናው ውሃ ከቤት ይቀዳ። የቧንቧ ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ባሕር ዳር ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሦስት ቢሆንም አይጎዳም። ውሃ አጋር (ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ) የሚጠቀም ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ለአንድ አዋቂ ለመኪናው መንገድ አንድ ሊትር ይበቃል፤ አንዴ ሳይሆን በየሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ እየተባለ ይጠጣ። በአንድ ትንፋሽ የተጠጣ ውሃ ብዙው ቶሎ በሽንት ይወጣል፣ ያኔ ሾፌሩን መለመን ይመጣል።

አሁን ወደ ፍተሻው። የውጭ በረራ ሕግ ብዙ ቦታ ይኸው ነው፦ በእጅ ሻንጣ የሚገባ ፈሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ ባነሰ ዕቃ መሆን አለበት፤ እነዚያ ዕቃዎች ሁሉ አንድ ሊትር በምትይዝ፣ አፏ በሚታሸግ ግልጽ ከረጢት ይገባሉ። ሕጉ የመጣው ነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ፈሳሽ ፈንጂ ይዘው አውሮፕላኖች ሊያጋዩ ነበር የተባሉ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚታየው የዕቃው መጠን እንጂ ውስጡ የቀረው አይደለም። ሁለት ጉንጭ ውሃ የቀረው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይጣላል። ጠብታ የሌለው የሁለት ሊትር ሃይላንድ ግን ያልፋል። ባዶ ዕቃ ፈሳሽ አይደለምና።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰልፉ ጫፍ ላይ ስትደርሱ የቀረውን ውሃ ጠጡት፤ አትድፉት፣ የከፈላችሁበት ነው። ዕቃውን ገልብጣችሁ አራግፉ። ክዳኑን ከፍታችሁ ለብቻው በሳጥኑ ላይ አስቀምጡት። ብረት ወይም ፔርሙዝ ከሆነ በተለይ ክዳኑ ይከፈት፤ ጨረሩ የብረቱን ሆድ በደንብ ስለማያሳይ ፈታሹ ከፍቶ ያየዋል፣ ተዘግቶ ካገኘው ሰልፉን ታስቆማላችሁ። አንዳንድ ትልልቅ ማረፊያዎች አዲስ መሣሪያ ተክለው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ መፍቀድ ጀምረዋል። መሸጋገሪያ ያለው መንገደኛ ግን በዚያ አይተማመን፤ አንዱ የፈቀደውን ቀጣዩ ይጥለዋል። ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ደግሞ አንዳንድ ማረፊያ መሳፈሪያ በሩ ላይ ሁለተኛ ፍተሻ አለ፤ እዚያ ከፍተሻ በኋላ የተገዛ ውሃ ሳይቀር ይወሰዳል። እንዲህ ያለ በር ከገጠማችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጠጡት፣ ባዶውን ይዛችሁ ግቡ፣ አስተናጋጆቹ ይሞሉላችኋል።

ምን ዓይነት ዕቃ ይያዝ? ገንዘብ ለሌለው የታጠበ የአንድ ሊትር ሃይላንድ በቂ ነው። በሳሙና ሲታጠብ ክዳኑ ጥርስ ውስጥ ጣት ይግባ፤ ሽታና ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፍል ውሃ አይቀበልም፤ ይጨማደዳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ለሁለት ሦስት ጉዞ ካገለገለ በኋላ ይጣል። ገንዘብ ያለው አፈ ሰፊ፣ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠንካራ ፕላስቲክ ይግዛ። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዘው ከፊት ወንበር ኪስ አይገባም፣ እግር ሥር ሲንከባለል ያድራል። በቱቦ የሚመጠጠውን ዕቃ ግን አንመክርም። ምክንያቱን ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሁሉ አይቶታል። ደጀን ላይ ጠጥተው ክዳኑን ያጠበቁት ሃይላንድ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጎኑ ጭምድድ ብሎ ይገኛል፤ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ መልሶ ይነፋል። ውስጡ የታሰረው የደጋ አየር ቆላ ላይ ሲደርስ የውጭው ግፊት ስለሚጫነው ነው።

አውሮፕላን ላይም ሕጉ አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን በተነሱበት ቦታ ይለያያል። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ስላለ እዚያ የተዘጋ ዕቃ ሰማይ ላይ ብዙም አይለወጥም። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ሲመለሱ ግን ዕቃው የተዘጋው በባሕር ጠለል ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግፊቱ ከአምስት አንድ፣ አንዳንዴም ከአራት አንድ ያህል ይቀንሳል። በውስጡ የታመቀው አየር መውጫ ይፈልጋል፤ ቱቦውን ሲከፍቱት ውሃውን ፊት ላይ ይረጨዋል። ሲሄድ ያላፈሰሰው ዕቃ ሲመለስ የሚያፈስሰው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ ዕቃውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ክዳኑን አንዴ ላላ ማድረግ፣ ሲተነፍስ መልሶ ማጥበቅ። ከመነሳቱ በፊትም እስከ አፉ አለመሙላት።

ከፍተሻ በኋላ ውሃ ከየት ይሞላል? የመጠጥ ቧንቧ ካለ ከዚያ። የመጸዳጃ ቤት እጅ መታጠቢያ "የመጠጥ ውሃ" የሚል ምልክት ካልተጻፈበት አይሞላበት። ሌላው መንገድ ሻይ ቤቱን ማናገር ነው፤ ሻይ ወይም ዳቦ ሲገዙ ውሃ እንዲሞሉላችሁ በጨዋ ቋንቋ ጠይቁ፣ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ከተሳፈሩ በኋላ ደግሞ አስተናጋጆቹ አሉ። ሰው የሚያፍረው በከንቱ ነው። ሙሉ አገልግሎት የሚሰጥ አየር መንገድ ላይ ውሃ በትኬቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ትኬት አርክሰው የሚሸጡ አንዳንድ አየር መንገዶች ግን ውሃ በዋጋ ነው የሚሰጡት፤ ትኬት ስትቆርጡ ወኪሉን "ውሃና ምግብ አብሮ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። ማስሞላት የሚቻለው ጋሪው ምግብ ሲያድል ሳይሆን ከምግብ በኋላ ረጋ ሲል ነው። ባዶውን ዕቃ ይዞ ወደ ኋላው ማዕድ ቤት መሄድ ይሻላል፤ በብርጭቆ አምስት ጊዜ ከመጥራት አንዴ መሙላት ለእነርሱም ይቀላል። የታሸገ ውሃ እንዲሞሉላችሁ ጠይቁ። የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ግን ለእጅ ብቻ ነው፣ አይጠጣም፣ ጥርስም አይታጠብበት።

መጠኑን በተመለከተ፦ ከመነሳታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር። ከተነሱ በኋላ በየሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ለጅዳና ለዱባይ በረራ በጠቅላላ ግማሽ ሊትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ፤ ከ13 ሰዓት በላይ ለሚፈጀው የአሜሪካ በረራ ከሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር። ሻይ፣ ጭማቂ፣ ሾርባ ሁሉ ይቆጠራል። መለኪያው ሽንት ነው፤ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ልክ ነው፣ ከጠቆረ ጨምሩ። "የበዛ አይጎዳም" ብሎ ሦስት ሊትር በአንድ ጊዜ መገልበጥም አይሆንም፤ የደም ጨው ይቀጥናል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ሐኪም የውሃ ልክ የሰጠው ሰው በዚያው ልክ ይጽና።

የከንፈርና የአፍንጫ ድርቀት ግን በመጠጥ አይመለስም፤ ችግሩ ላዩ ላይ ነው። ለከንፈር ቫዝሊን፣ ከ100 ሚሊ ሊትር ያነሰች ዕቃ። ለአፍንጫና ለጉሮሮ ከሁሉ የሚበልጠው ነጠላ ነው። አፍና አፍንጫን ላላ አድርጎ ቢሸፍኑበት የምትተነፍሱት እርጥበት ጨርቁ ላይ ይቀርና ተመልሶ ይገባል። ሳንቲም አያስወጣም፣ ለእንቅልፍም ይመቻል።

አሁን ብዙ ሰው የማያወራውን እናውራ። መጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ እህቶቻችን ውሃ የማይጠጡት በዋጋው ብቻ አይደለም፤ መጸዳጃ ቤቱን ስለሚፈሩት ነው። ማንም አላሳያቸውም። ስለዚህ እንንገራችሁ። በሩ ብዙ ጊዜ ታጣፊ ነው፤ እጀታ አትፈልጉ፣ መሃሉን ግፉት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አረንጓዴ ምልክት ክፍት ነው፣ ቀይ ሰው አለበት። ከገባችሁ በኋላ መቀርቀሪያውን ስትገፉት ዋናው መብራት ይበራል፤ ጨለማ ከሆነ አልቆለፋችሁም ማለት ነው። እንደ ወንበር ይቀመጡበታል እንጂ ላዩ ላይ አይወጣም፤ አውሮፕላኑ ቢንገጫገጭ ትወድቃላችሁ። ወረቀቱ እዚያው ይጣላል፤ ሞዴስና የሕፃን ዳይፐር ግን በቆሻሻ ማጠራቀሚያው ነው፣ ቱቦው ይደፈናልና። ሲጨርሱ ክዳኑን ዝቅ አድርገው ቁልፉን መጫን፤ ሲስብ ኃይለኛ ድምፅ ያሰማል፣ የተበላሸ ነገር የለም፣ ሰው አይስብም። ጥሩው ሰዓት የቀበቶ መብራት እንደጠፋ፣ ጋሪው ሳይወጣ ነው። ምግብ ካለቀ በኋላ ሰልፍ ይበዛል። ትኬት ሲቆረጥ ወይም ቦሌ ላይ ሚዛኑ ጋ "በመተላለፊያው በኩል ወንበር ስጡኝ" ማለት ይቻላል፤ ሁለት የተኛ ሰው ቀስቅሶ መሻገርን ያስቀራል።

ስንቅም ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ፍተሻ ያልፋሉ፣ ነገር ግን ደረቅ ናቸው፣ ጨው ከገባባቸው ይበልጥ ያስጠማሉ። ለመንገድ ጨው የሌለው ቆሎ ይቆላ። በሶ በደረቁ ያልፋል፤ ከፍተሻ በኋላ በሃይላንዱ ውሃ መበጥበጥ ይቻላል፣ ረሃብንም ጥማትንም ይይዛል። የተበጠበጠው ግን ፈሳሽ ነው፣ ይቀራል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ተጨማሪ ፍተሻ እንዳለበት፣ ካልጠራም እንደሚቀር ይወቅ። በሶው፣ በርበሬው፣ ሽሮው በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፤ በእጅ አንዲት የሻይ ብርጭቆ በሶ ትበቃለች። የጎጃም ማርና ቅቤም ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ነው የሚታዩት። ማር ይረጋል፣ ቅቤ ይጠጥራል ብሎ መከራከር አያዋጣም። ጸበል ይዞ መሄድ የሚፈልግ ከ100 ሚሊ ሊትር ያልበለጠች ዕቃ በእጁ ይያዝ፣ የቀረውን በሚጫነው ሻንጣ ያድርግ። ከጫፉ ሁለት ጣት ጎደል ይበል፣ ክዳኑ በፕላስተር ይታሰር፣ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ በልብስ መሃል ይግባ።

በመንገድ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ለያዘው ውሃ ብቻ አይበቃውም፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። ከፋርማሲ የሚሸጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት ርካሽ ነው፣ ዱቄት ስለሆነም ፍተሻ ያልፋል። የአንድ ሊትሩ ፓኬት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር ቢበጠብጡት ጨውና ስኳሩ ይበዛና ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል። ለዚህ ነው ሃይላንዱ የአንድ ሊትር ይሁን ያልነው፤ መለኪያም ይሆናል። ፓኬት ከታጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል ልሙጥ ተደርጎ። የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። ደህና ለሆነ መንገደኛ ግን አያስፈልገውም፤ ተራ ውሃ ይበቃዋል።

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚበሩ እናቶችና አባቶች ለየት ያለ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በዕድሜ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ "አልጠማኝም" ቢሉም ሰውነታቸው ጎድሎበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጥማት ሳይሆን በሰዓት ይጠጡ። ለደም ግፊት ውሃ የሚያስወጣ ክኒን የሚወስዱ ጉዞው ስለመጣ ብቻ በራሳቸው አያቋርጡት፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ጡት ለሚጠባ ከስድስት ወር በታች ሕፃን ውሃ አይሰጥም፣ የእናቱ ጡት ይበቃዋል፤ አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ማጥባት ጆሮውንም ያሳርፍለታል። የምትጠጣው እናቲቱ ናት፣ እርሷ ከሌላው ሰው አንድ ሁለት ብርጭቆ ትጨምር። የሕፃን ወተትና መድኃኒት ከ100 ሚሊ ሊትር ሕግ ውጭ ይፈቀዳል፤ ለጉዞው በሚበቃ መጠን፣ ለፈታሹ አስቀድሞ በመንገር።

ጾምን በተመለከተ ፍርድ የምንሰጥ እኛ አይደለንም። በአቢይ ጾም የሚበር ኦርቶዶክሳዊ የንስሐ አባቱን፣ በረመዳን የሚበር ሙስሊም ሼኹን አስቀድሞ ያማክር፤ በእስልምና ለመንገደኛ ጾምን አፍርሶ ሌላ ቀን የመክፈል ፈቃድ መኖሩ የታወቀ ነው። ለሚጾመው ግን አንድ ነገር እንበል፦ ከተቻለ በረራው ሌሊት ይሁን፤ የሚጠጣበትም የሚተኛበትም ሰዓት ይገጥምለታል።

ወደ እናንተ ወደ አስተዳደሮቹ እንመለስ። የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። ከፍተሻ በኋላ የሚገኝ፣ ዕቃ ቆሞ የሚሞላበት የመጠጥ ቧንቧ እንፈልጋለን። ቆሞ ስንል አፍ ተጠግቶ የሚጠጣበት ዓይነት ፏፏቴ ብቻ ከሆነ ሃይላንድ ተጋድሞ ከግማሽ በላይ አይሞላም ማለታችን ነው፤ ከቧንቧው ጫፍ እስከ ሳህኑ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ውሃው አንድ ሊትር በ10 ሴኮንድ ቢያወርድ ሰልፍ አይኖርም። ቧንቧው ጫፍ ላይ ነጻ ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መገኘቱ በመለኪያ ወረቀት ይታይ፣ ውጤቱ ከነቀኑ እዚያው ይለጠፍ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ውሃ ጠዋት ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይልቀቅ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት በየሳምንቱ ተፈትታ ትታጠብ። ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ደግሞ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው አውሮፕላን በ78 ሰው ቢሞላና እያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ቢቀዳ 39 ሊትር ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጃር ለአንድ በረራ ይበቃል።

ከፍተሻው በፊት ደግሞ ማፍሰሻ ይቀመጥ። ዛሬ ሰው ውሃውን ከነፕላስቲኩ የሚጥለው የሚደፋበት ስለሌለው ነው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ አፉ ላይ ሰፊ ማንቆርቆሪያና ወንፊት፤ ወንፊቱ የሻይ ቅጠልና ማስቲካ ይይዛል። ግማሽ ሲሞላ ይደፋ፤ ሙሉ ከሆነ 20 ኪሎ ስለሚመዝን የጽዳት ሠራተኛዋን ወገብ ይጎዳል፣ መሬቱም ይረጥባል። ሱቅ ስታከራዩም የኪራይ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ የግማሽ ሊትር ውሃ መሸጫ ከፍተኛ ዋጋ። ስለ ሌላው ሸቀጥ አንከራከርም፣ ውስኪውን በፈለጉት ይሽጡ።

ለኤጀንሲዎች፦ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ለውጭ አገር ሥራ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ገለጻ ማግኘት አለበት። በዚያ ገለጻ ላይ 20 ደቂቃ ጨምሩ። አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ አንዲት የ100 ሚሊ ሊትር ዕቃ፣ የመጸዳጃ ቤቱን በርና ቁልፍ የሚያሳይ ሦስት ሥዕል፤ ከዚህ ሌላ ማስተማሪያ አያስፈልግም። ሴቶቹን ሴት ታስተምራቸው፣ አለበለዚያ የሚጠይቅ አይኖርም። የጉዞ ወኪሎችም ትኬቱን አትማችሁ ስትሰጡ በጀርባው በአማርኛ ጻፉበት።

ምልክቱ ምን ይበል ለምትሉን፣ ፍተሻው ከመድረሱ 10 ሜትር ቀደም ብሎ፣ በሰው ዓይን ቁመት፣ በትልቁ፦ "ውሃውን እዚህ ይጠጡ ወይም ይድፉ። ባዶውን ፕላስቲክ ይዘው ይለፉ። ውሃ ከፍተሻው በኋላ በስተቀኝ በነጻ ይሞላል።" ቧንቧው በስተግራ ከሆነ ደግሞ በስተግራ በሉት።

ከአክብሮት ጋር
በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በጤናና በጉዞ ሥራ ላይ የምንገኝ

ግልባጭ፦
ለዞን የሥራና ክህሎት መምሪያዎች
ለመንገደኛ ቤተሰቦች